ደንገጎ ላይ ጉልበት የምታጣ ባለ ቱርቦ ቤንዚን፤ ካታላይዘሩ ይውጣ አይውጣ?

የሳቢያኑ
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለድሬና ለሐረር ሰዎች። መኪናዬ 1.5 ሊትር ባለ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ) የቤንዚን ናት፤ ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የምትረጭ ዓይነት። ወደ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር እየተጠጋች ነው። ከሳቢያን ከዚራ ስመላለስባት ምንም አትልም። ችግሩ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ዳገቱ ሲጠና ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ጭነት የያዘ አይሱዙ ጡሩንባ እየነፋ ያልፈኛል። ከዚያ የሞተር መብራት ይበራል። በኮምፒዩተር ስትታይ ሁለት ኮድ አወጣች፦ ፒ0299 እና ፒ0420።

ያሳየሁት መካኒክ «ካታላይዘሩ (የጭስ ማጣሪያው) ታፍኗል፤ ቆርጠን እናውጣውና ቀጥ ያለ ቱቦ እንበይድበት፣ ያኔ ትተነፍሳለች» አለኝ። የወጣውን እሱ ራሱ ሊገዛኝም ዝግጁ ነው። አዲስ ልግዛ ብል ደግሞ ዋጋው ራስ ያዞራል። ያስወጣችሁ ሰዎች ምን አገኛችሁ? ጉልበቷ ይመለሳል? ሽታውስ እንዴት ነው?

አቦ ከዚራ
አቦ ምን ታስባለህ፣ አስወጣው! የእኔ ቪትዝ ከወጣላት ወዲህ ትበራለች። ለካታላይዘር የምትከፍለው ብር ሌላ ስንት ነገር ይሠራል። ማርሚታው ትንሽ ይጮህብሃል፣ እሱም ይለመዳል።

ጋሽ ፊልትሮ
የሳቢያኑ ልጄ፣ መቁረጫው ከመነሳቱ በፊት ትንሽ እንነጋገር። አንተም አቦ ከዚራ፣ የአንተ ቪትዝ ቱርቦ የላትም፤ የእሱን መኪና በእሷ አትለካት።

መጀመሪያ ኮዶቹ የሚሉትን እንስማ። ፒ0299 ማለት ቱርቦው ኮምፒዩተሩ ያዘዘውን ያህል አየር አልገፋም ማለት ነው። ፒ0420 ደግሞ ካታላይዘሩ ጭሱን እንደሚገባው አላጠራም ማለት ነው እንጂ ታፍኗል ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩ ከካታላይዘሩ በፊትና በኋላ ያሉትን የኦክስጅን ሴንሰሮች ያስተያያል፤ ረጋ ማለት ያለበት የኋለኛው ሴንሰር እንደ ፊተኛው ሲወዛወዝ ኮዱን ያወጣል። ስንት ጋራዥ ይቺን ቁጥር አይቶ «ታፍኗል» ብሎ ይፈርዳል! ውስጡ ክፍት ሆኖ ማጥራቱን ብቻ ያቆመ ካታላይዘር ጉልበት አይቀንስም። የታፈነ ግን ይቀንሳል፣ ያውም በባለ ቱርቦ ላይ ይብሳል። ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ከተርባይኑ (ጭሱ ከሚያዞረው የቱርቦ ወገን) በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ነውና ከኋላ ሲታፈን ልዩነቱ ይጠባል፣ ቱርቦው ይሰንፋል።

ስለዚህ አስለካው። ከካታላይዘሩ በፊት ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ይፈታና በቀዳዳው የግፊት ጌጅ ይታሰር። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከ0.1 ባር በታች፣ 2500 ዙር ላይ ደግሞ ከ0.2 ባር በታች ከሆነ መተላለፊያው ክፍት ነው። በብዙ ካለፈ መካኒክህ እውነቱን ነው።

ሌላው፣ ካታላይዘር በራሱ አይሞትም፤ ገዳይ አለው። ካንዴላ ሲስት ያልተቃጠለ ቤንዚን ይደርሰዋል፣ እዚያው ይነድና የሴራሚኩን ወንፊት ያቀልጠዋል። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ከዘይቱ የሚወጣው ፎስፈረስ ገጹን ይሸፍነዋል። ገዳዩን ሳትይዝ አዲስ ብትገጥም ያኛውንም ይጨርሰዋል። ቆርጠህ ብትጥለው ደግሞ ገዳዩ ሞተሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፣ መብራቱም ካታላይዘር የለም ብሎ ሁልጊዜ ስለሚበራ ምንም አይነግርህም።

አንድ ጥያቄ፦ ከሁለቱ ኮዶች የትኛው ቀድሞ መጣ? ዳገት ላይ መስኮት ከፍተህ ስትነዳ የተለየ ድምፅ ትሰማለህ?

የሳቢያኑ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ፒ0299 ነው ቀድሞ የመጣው። መካኒኩ ያኔ አጥፍቶልኝ ነበር፤ 420 የመጣው ቆይቶ ነው። ድምፁን ስላነሱት ነው እንጂ ልብ አላልኩትም ነበር፤ ነዳጅ ስሰጣት ከፊት «ሽሽሽ» የሚል አለ፣ እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። የጭስ ማውጫው አፍም ጥቁር ጥላሸት ይዟል፣ በጣት ሲነካ ይለቃል።

ጋሽ ፊልትሮ
በል ካታላይዘሩን እርሳውና አየር የሚያፈስ ቱቦ ፈልግ። ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢንተርኩለሩ እስከ ሞተሩ መግቢያ ድረስ ያለውን ሁሉ። መኪናህ የአየሩን መጠን መግቢያው ላይ የምትለካ ከሆነች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሴንሰሩ የቆጠረው አየር መንገድ ላይ ያፈሳል፣ ኮምፒዩተሩ ግን ሁሉም ሲሊንደር የገባ መስሎት ለዚያ የሚሆን ቤንዚን ይረጫል። ጥቁሩ ጥላሸት ከዚያ ነው። ሚኒሞ ላይ ቱቦው ውስጥ ግፊት ስለሌለ ጤነኛ ትመስላለች፤ ጋራዥ ቆማ ብትታይ ምንም የማይገኝባት ለዚህ ነው።

የቀፊራዋ
ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር፤ የተማርኩት መካኒካል ምህንድስና ስለሆነ እንዲህ ያለ ክር አይቼ ዝም ማለት አልችልም።

ደንገጎ ለምን እንደሚፈትናት በቁጥር እንየው። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 88 አካባቢ ነው፣ ሐረር ወደ 1900 ሜትር ስለምትጠጋ 81 አካባቢ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ባለ ቱርቦ ግን እጅ አይሰጥም። ኮምፒዩተሩ መግቢያው ላይ 180 ኪሎ ፓስካል ካዘዘ፣ ጅቡቲም ሆነ ሐረር 180 እስኪሞላ ቱርቦውን ያስሮጠዋል። ጅቡቲ ላይ አየሩን 1.8 እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል፤ ድሬ ላይ 2.05፣ ሐረር ላይ ከ2.2 በላይ ያስፈልገዋል።

አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የኮምፕረሰሩን (አየሩን የሚያምቀውን የቱርቦ ወገን) ብቃት 70 በመቶ ብለን ብናሰላው፣ ባሕር ጠለል ላይ በ25 ዲግሪ የገባ አየር 100 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ድሬ ላይ በ35 ዲግሪ የገባው 135 ይደርሳል። የሚገርመው ሐረር ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ 25 ዲግሪ ቢገባም ብዙ ስለሚታመቅ ያው 135 ሆኖ ይወጣል። ደንገጎ ላይ ደግሞ ከታች ሙቀቱ አለ፣ ከላይ የሳሳው አየር አለ፣ ከመኪና ጀርባ እየተንፏቀቁ ሲወጡ ኢንተርኩለሩን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ የለም። የቁልቢ ሰሞን ያንን ሰልፍ የወጣ ያውቀዋል።

ትኩስ አየር ሲገባ ቤንዚኑ ካንዴላው ከለኮሰው ውጪ በራሱ ጊዜ ሊፈነዳ ይቃጣዋል፣ ሞተሩ ይንኳኳል። ኮምፒዩተሩ ይህን በሴንሰር ሰምቶ ብልጭታውን ያዘገያል። የዘገየ ቃጠሎ ጉልበቱን ፒስተኑ ላይ ሳይጨርስ በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ የጭሱ ሙቀት ያሻቅባል። የቤንዚን ሞተር ተርባይን የሚችለው እንደ ብረቱ ዓይነት ከ950 እስከ 1050 ዲግሪ ነው። ከዚያ እንዳያልፍ ኮምፒዩተሩ ትርፍ ቤንዚን ይረጫል፤ እንዲነድ ሳይሆን እንዲያቀዘቅዝ። እዚህ ላይ ነው ብክለቱ የሚመጣው። ካታላይዘሩ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልነደደውን ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ሦስቱንም ባንዴ ማጥራት የሚችለው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲቀርብ ነው። ቤንዚኑ ከበዛ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንዳለ ያልፋል።

ጉልበቱን የሚበላውና ጭሱን የሚያከፋው ያው አንድ ሰንሰለት ነው። ቱቦ ሲያፈስ፣ ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈን፣ ኢንተርኩለር ሲቆሽሽ ቱርቦው ለዚያው 180 የበለጠ ይሮጣል፣ አየሩ የበለጠ ይሞቃል፣ የቀረው ይከተላል። ካታላይዘሩ የመጨረሻው ተጠቂ እንጂ ጥፋተኛው አይደለም።

ፋብሪካዎቹም የሚታገሉት ከዚሁ ሰንሰለት ጋር ነው። አንዳንዶቹ የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱን ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ አስገብተው በውሃ ያቀዘቅዙታል። ቮልስዋገን 1.5 ሊትር ሞተሩ ላይ የመግቢያ ቫልቩን ቶሎ በሚዘጋ ሚለር ዑደት ሲሊንደር ውስጥ ያለውን እመቃ ቀነሰ፣ አብሮም ክንፎቹ የሚንቀሳቀሱ ተርባይን ገጠመ፤ ያ ተርባይን በናፍጣ ላይ የቆየ ቢሆንም የቤንዚንን ሙቀት የሚችል ብረት ስለሚፈልግ በቤንዚን ላይ ብዙም አይታይም ነበር፤ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2006 911 ቱርቦ ላይ አወጣው። ቢኤምደብሊው ኤም4 ጂቲኤስ ላይ ውሃ እስከ መርጨት ደርሷል። ሁሉም የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ቤንዚን ለማቀዝቀዣ ሳያባክኑ ጉልበት ማግኘት።

ሸዋ በር
ከሐረር ነኝ። ትንታኔው አሪፍ ነው እህቴ። እኛ ጋ ፔጆ 404 ታክሲ ሆና ስንት ዘመን የሠራችው ይህ ሁሉ ጣጣ ስለሌላት ነው፤ ካርቡራተሯን የሚያውቅ ሰው ለከፍታው ያስተካክላታል፣ ሌላው መፍቻና ልብ ነው። ጭሷን ግን በጠባብ መንገድ ከኋላ የተከተለ ይመስክር።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። የእኔም ባለ ቱርቦ ናት፣ ጤነኛ ናት። አንድ ልጅ በላፕቶፕ ማፗን (ለኮምፒዩተሯ የተጻፈላትን የአየርና የነዳጅ ትእዛዝ) ቀይሬ 30 የፈረስ ጉልበት እጨምርልሃለሁ አለኝ። ከሆነልኝ ደንገጎን እንደ ሜዳ ነበር የምወጣው። ምን ትላላችሁ?

የቀፊራዋ
ሸዋ በር ወንድሜ፣ ልጁ የሠራበት ማፕ ለየት ከፍታ የተሠራ ነው? እሱን ጠይቀው። ጉልበት የሚጨምረው 180 የነበረውን 210 ብሎ በማዘዝ ነው። 210ን በሐረር 81 አካፍለው፤ 2.6 እጥፍ ነው። ትንሽ ቱርቦ ሙሉ ጭነት ላይ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ፋብሪካው ትርፍ አቅም የተወለት ልክ እንዲህ ላለ ከፍታ ነው፣ አንተ ደግሞ ያንን ትርፍ ቀድመህ በልተኸዋል። የሚገኘው ጉልበት ባብዛኛው ሙቀት ነው። ብልጭታው ይዘገያል፣ ቤንዚኑ ይጨመራል፣ ከላይ ወደጻፍኩት ሰንሰለት ትመለሳለህ። አንዳንዶቹ ማፕ ሠሪዎች ደግሞ መብራቱ እንዳያስቸግር የካታላይዘሩን ኮድ አብረው ያጠፉታል፣ ያኔ ጭራሽ በጨለማ ነው የምትነዳው።

በሕጋዊ መንገድ ጉልበት ከፈለግክ ኢንተርኩለሩን አሳጥብ። ቀልድ አይደለም። አየሩን በ20 ዲግሪ ያቀዘቀዘ ሰው ብልጭታውን ወደ ቦታው መልሷል።

አቦ ከዚራ
አቦ እናንተ ጀርመን ያላችሁ መሰላችሁ እንዴ? እዚህ ማን ነው ማርሚታህ ላይ መለኪያ የሚሰካው? ናፍጣ መኪናው ሰማዩን አጥቁሮት እያለፈ የዚህን ልጅ አንድ ቤንዚን ትጠብቃላችሁ።

ጋሽ ፊልትሮ
አቦ ከዚራ፣ የናፍጣው ጭስ ይታያል፣ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። የቤንዚኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም አይሸትም፣ ክፉነቱም እዚያ ላይ ነው። የሞቀ ጤነኛ ካታላይዘር ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን ይበላዋል። እሱን አውጥተህ መጋላ ገበያ መሐል ስትቆም ከኋላህ ባጃጅ አለ፣ በር የሌለው፤ ተሳፋሪው የተቀመጠበት ከፍታ ከማርሚታህ ብዙ አይርቅም። እናት ልጇን ታቅፋ ነው የምትቀመጥበት። መለኪያ የሚሰካ ስለሌለ ነው እንግዲህ ለራሳችን ልናስብ የሚገባው።

ለኪስህም ቢሆን አስብ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለን መኪና ነው የሚቆየን። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰዎች ሙያ ሲያስተምሩን «ያልለካኸውን አትፍታ» ይሉን ነበር፤ አሁን ይብሳል።

የቀፊራዋ
በዚያ ላይ ቤንዚን ቀጥታ የሚረጩ ሞተሮች ከድሮዎቹ ይልቅ ጥቃቅን ጥላሸት ያወጣሉ፤ ነዳጁ ከአየሩ ጋር የሚደባለቅበት ጊዜ አጭር ነዋ። አውሮፓ በዩሮ 6 በኪሎ ሜትር ከ600 ቢሊዮን ቅንጣት አትለፉ ብላ ስትገድብ ነው አምራቾቹ ለቤንዚንም የጥላሸት ማጣሪያ መግጠም የጀመሩት። የሳቢያኑ፣ ያ በጣትህ የለቀቀው ጥቁር ከዚያው ወገን ነው።

የሳቢያኑ
ተገኘ! ዝርዝሩን ልጻፈው ለሌላም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ጌጁን አሰርን። ሚኒሞ ላይ መርፌው ብዙም አልተነሳም፣ 2500 ዙር ላይ 0.15 ባር። አልታፈነም። መካኒኩ ጌጁን ሁለቴ ነካ ነካ አድርጎ ዝም አለ።

ከዚያ ጎሚስታ ቤት ሄድን። የቱርቦውን መግቢያ በፕላስቲክ ክዳን ዘጋነው፣ ክዳኑ ላይ የጎማ ቫልቭ ተክለን በኮምፕረሰር አየር ሞላን፣ ቱቦዎቹ ላይ በኦሞ የተበጠበጠ ውሃ አፈሰስን። ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው የታችኛው ቱቦ፣ ማሰሪያው ከሚይዝበት ከስር በኩል፣ አረፋ አወጣ። ላዩን ሲያዩት ምንም የለውም። ማሰሪያው ሲላላና ጎማው በአውራ ጣት ሲጫን ነው እንደ ከንፈር የሚከፈተው። ዙሪያውን በዘይት ረጥቦ አቧራ ተለጥፎበታል፤ ሌላው የቱቦ ገጽ ደረቅ ነው። ለካ ዘይቱ ራሱ ምልክት ነበር።

የፊት መከላከያው ሲወርድ ደግሞ ኢንተርኩለሩ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል ተለጥፎ ግማሹን ሸፍኖታል። ሙቀቱ አቅልጦ ከላሜራዎቹ ጋር አጣብቆታል። የአየር ፊልትሮው ሲመታ የወጣውን አቧራ አልናገርም።

ጋሼ፣ በአየር ስንሞላ ስንት ባር ድረስ መሄድ ይቻላል? ጎሚስታው እንደ ጎማ ሊነፋው ሲል ነው ያስቆምኩት።

ጋሽ ፊልትሮ
ደግ አደረግክ። ሞተሩ ራሱ ከሚሠራበት አትለፍ፤ ለእንደ አንተ ያለች ከ0.8 ባር በላይ አያስፈልግም፣ አረፋው በግማሹም ይታያል። ከዚያ ካለፍክ ማኅተም ትፈነቅላለህ።

ቱቦውን በሲልከን እንዳትለጥፈው፣ ይለወጥ። ካንዴላዎቹም ይውጡና ይታዩ። ትርፍ ቤንዚን የቆየባቸው ናቸው፣ ጠቁረው ይሆናል። ስትለውጥ ክፍተታቸውን መጽሐፉ ባለው አድርግ፤ ባለ ቱርቦ ጠበብ ያለ ነው የሚፈልገው፣ ብዙ ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር። ሰፋ ካለ የታመቀው አየር ብልጭታውን ያጠፋዋል፣ ካታላይዘሩም ዳግም ይቃጠልብሃል።

ሸዋ በር
ማፑን ትቼ ኢንተርኩለሬን አጥባለሁ፣ አሳመናችሁኝ። ዘይትስ? እዚህ ሙቀት ስለሆነ ወፍራም አድርግ የሚሉኝ አሉ።

የቀፊራዋ
የመኪናህ መጽሐፍ ያለውን ውፍረት አትለፍ፤ የቱርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ከውፍረቱ ይልቅ ደረጃውን እይ። ትናንሽ ባለ ቱርቦ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር በከባድ ጭነት ሲሠሩ የዘይትና የነዳጅ ጠብታ ከብልጭታው ቀድሞ ይቀጣጠልና ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። ይህን ለመከላከል የተፈተነው ኤፒአይ ኤስፒ የሚባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አለ፣ ቆርቆሮው ላይ ይጻፋል። አስመሳይ እንዳይሆን ከምታውቀው ሰው ግዛ። አነዳድህም ወሳኝ ነው፤ ደንገጎ ላይ በከፍተኛ ማርሽ በ1500 ዙር ነዳጅ መስጫውን አትጫን፣ ማርሽ ቀንሰህ ከ2500 በላይ ያዛት። ላይ ደርሰህ ለሻይ ስትቆምም ወዲያው አታጥፋት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ትቆይ፤ ትኩስ ቱርቦ ውስጥ ቆሞ የቀረ ዘይት ከሰል ይሆናል።

የሳቢያኑ
ቱቦው ተለወጠ፣ ኢንተርኩለሩ ታጠበ፣ ካንዴላ አዲስ። ስካነር ገዝቼ ስልኬ ላይ አገናኘሁት። ድሬ ላይ ሞተር ሳላስነሳ ቁልፍ ብቻ ስከፍት የመግቢያው ግፊት 88 ይላል፣ ልክ የቀፊራዋ እንዳለችው። ደንገጎ ላይ ጫን ስለው 176 ደረሰ፤ በፊት ስንት እንደነበር ብለካው ደስ ይለኝ ነበር። ያ ሽሽታ የለም። አይሱዙውን እኔ አለፍኩት፣ ጡሩንባ ግን አልነፋሁበትም።

ፒ0299 አልተመለሰም። ፒ0420 ግን መጣ። አሁንስ ካታላይዘሩ ሞቷል ማለት ነው?

ጋሽ ፊልትሮ
ምናልባት ሞቷል፣ ግን ገና አትቅበረው። ሁለት ርካሽ ነገር ቀድመህ አስመርምር። ቱርቦውና ካታላይዘሩ የሚገናኙበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የሚያፈስ ከሆነ የውጭ አየር እየገባ ሴንሰሩን ያሳስተዋል፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ጆሮህን አስጠጋ፣ «ጥክ ጥክ» የሚል ካለ እሱ ነው። ከዚያ የኋለኛውን ኦክስጅን ሴንሰር እይ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ካታላይዘሩ ይለወጣል፣ ገዳዩ ስለተያዘ አዲሱ ይቆይልሃል። የድሮውንም ለዚያ መካኒክ በርካሽ እንዳትሰጠው፣ ውስጡ ፕላቲነምና ፓላዲየም ነው ያለው። ጓርኒሲዮኑን አይተህ ጻፍልን።

አቦ ከዚራ
ጋሼ፣ የእኔ ቪትዝ የሸጥኩላቸውስ ስንት አገኙበት ይሆን?

ጋሽ ፊልትሮ
አትጠይቀኝ አቦ፣ እንቅልፍ ታጣለህ።